ሁለተኛ ዲግሪውን ማን ይምረጥለት? ተማሪው ወይስ ወሬው?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ይህ አባባል በዴንቨር፣ በአውሮራና በቶርንተን በሚኖረው ኢትዮጵያዊ ዘንድ በደንብ የሚሠራበት ጊዜ ቢኖር፣ በተማሪ ቪዛ ከአገር ቤት የመጣ ወጣት መሐንዲስ የማስተርስ ትምህርቱን ዘርፍ የሚመርጥበት ሰዓት ነው።

ሁኔታው ለብዙ ሰው እንግዳ አይደለም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አውሮራ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ቤተ ዘመድ ተሰብስቧል እንበል። ወጣቱ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው፤ ማረፊያው ቶርንተን አክስቱ ቤት ነው። ከአምስት ኪሎ በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት በሥራ ላይ ቆይቷል። በያይነቱ ገና ሳይጋመስ ምክሩ ይጀመራል። አንደኛው አጎት «አንተ ልጅ፣ ሲቪል እዚህ አገር ምን ያደርግልሃል? ኮምፒውተር ግባ» ይላሉ። ሌላው ቀበል አድርገው «የእነ እገሌ ልጅ በሳይበር ሴኪዩሪቲ ቤት ገዛ» ይላሉ። ሦስተኛው ደግሞ «ኮሎራዶ እኮ የጠፈር አገር ነው፤ ኤሮስፔስ ተማርና ሮኬት ሥራ» ብለው ይስቃሉ። አክስቲቱ «እባካችሁ ልጁን አታዋክቡት» ቢሉም ሰሚ የለም። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የወጣቱ ዕድል ተወስኗል። እሱ የተናገረው «እሺ ጋሼ» የሚለውን ብቻ ነው።

በዚህ ገበታ ዙሪያ ክፉ የሚያስብ ሰው የለም። ሁሉም ልጁ እንዲያልፍለት ይፈልጋል። ይሁን እንጂ በጎ ሐሳብና ትክክለኛ ምክር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። መካሪው የሚያውቀው ስለ ሌላ ሰው ልጅ የሰማውን ነው። ያ ልጅ ግሪን ካርድ ይኑረው አይኑረው፣ የመጀመሪያ ዲግሪው በምን ይሁን፣ ትምህርቱን ማን ይክፈልለት፣ ምግብ ቤት ውስጥ አይወራም። የሚወራው የገዛው ቤትና የሚነዳው መኪና ነው። «ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም» የሚለው ተረት ለትምህርትም ይሠራል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው ሌላም ጉዳይ አለ። ይህ ወጣት በሕይወቱ ዘርፍ መርጦ አያውቅም ማለት ይቻላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ዩኒቨርሲቲ የመደበው ሚኒስቴሩ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ዲፓርትመንት የመደበው ውጤቱ ነው። ጎበዝ የሆነ ሁሉ ወደ ኤሌክትሪካል ወይም ወደ ሲቪል፣ ውጤቱ ያልበቃ ደግሞ ወደ ቀረው ቦታ ሲላክ ኖሯል። እንግዲህ ሃያ አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን መማር ትፈልጋለህ?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብለት፣ ጥያቄውን ከእጁ ነጥቆ ገበታው መለሰለት ማለት ነው። ሚኒስቴሩን በአጎት መተካት ምርጫ አይባልም።

ስህተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። የውጭ አገር ተማሪ አይ-20 የሚባለውን ወረቀት ከትምህርት ቤቱ ለማግኘት የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት። ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ያውቀዋል። መሬት ይሸጣል፣ ዕቁብ ይወጣል፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ ይፈርማል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ለልጁ ያጠራቀመ አባት ቁጠባው በአንድ ክረምት ግማሽ ሆኖበታል። እንዲህ ባለ ገንዘብ የሚማር ልጅ አንድ ሴሚስተር አባከነ ማለት የሌላ ሰው ዕድሜ አባከነ ማለት ነው።

ከሲቪል ተነስቶ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚዘል ተማሪ ብዙውን ጊዜ ማስተርሱን ወዲያው አይጀምርም። መሠረታዊ የሆኑትን የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ስትራክቸርና የሒሳብ ኮርሶች አስቀድሞ እንዲወስድ ሊጠየቅ ይችላል። እነዚህ ኮርሶች በአብዛኛው ለዲግሪው አይቆጠሩም፤ ክፍያቸው ግን ይቆጠራል። ይህን ገበታው ላይ የሚያነሳ የለም።

ወሬ ደግሞ ሁልጊዜ ከገበያ ኋላ ነው የሚደርሰው። ለዚህ የኮሎራዶ የራሷ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዴንቨር የቴሌኮም ከተማ ነበረች፤ ሁሉም ወደዚያ ሲሮጥ ከ2000 በኋላ ገበያው ወደቀ፤ ብዙ ሠራተኛም ተበተነ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2014 አጋማሽ አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ፔትሮሊየም ምህንድስና የወርቅ በር ነው ይባል ነበር። በ2016 መጀመሪያ ላይ ዋጋው ከ30 ዶላር በታች ወረደ፤ በሩ ሲከፈት አይተው የገቡት ሲወጡ ተዘግቶ ጠበቃቸው። በ2022 መጨረሻና በ2023 ደግሞ ትልልቆቹ የኮምፒውተር ኩባንያዎች በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አሰናብተዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጀማሪ ፕሮግራመር ይሠራው የነበረውን ሥራ መነካካት ጀምሯል። ይህ ማለት ኮምፒውተር ወይም ነዳጅ መጥፎ ትምህርት ነው ማለት አይደለም፤ ገበያው ወርዶ መልሶ ይነሳል። ማስተርስ ግን ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ ተማሪው የሚመረቀው በዛሬው ወሬ ውስጥ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ በሚኖረው ገበያ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው አጎት ስለ ጠፈር የተናገሩት ውሸት አይደለም። ኮሎራዶ በእርግጥም የጠፈር ሥራ አገር ናት። በቦልደር ያለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በኤሮስፔስ ምህንድስና ትልቅ ስም አለው፤ ከሊትልተን እስከ ሴንቴኒያል ሮኬትና ሳተላይት የሚሠሩ ኩባንያዎች ሞልተዋል፤ አውሮራ ውስጥ ራሱ የበክሊ የጠፈር ኃይል ጣቢያ አለ። ኢትዮጵያዊው ቅጣው እጅጉ በናሳ መሥራታቸውም ለብዙ ወጣት መነሻ ሆኗል። ነገር ግን በትምህርቱና በሥራው መካከል አንድ አጥር አለ። አይታር የሚባለው የአሜሪካ ደንብ የጦር መሣሪያና በርካታ የጠፈር ቴክኖሎጂ ለውጭ አገር ሰው እንዳይገለጥ ይከለክላል። በደንቡ መሠረት ያለ ልዩ ፈቃድ ይህን ቴክኖሎጂ ማየት የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ወይም በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት ተቀባይነት ያገኘ ሰው ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ከእነዚህ ውስጥ አይደለም። ፈቃድ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ለአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ብሎ ይህን ጣጣ የሚገባበት ኩባንያ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ተመሳሳይ ዲግሪ፣ ተመሳሳይ ውጤት ያላቸው ሁለት የሐበሻ ልጆች ከአንድ ክፍል ተመርቀው፣ በዲቪ የመጣው ሥራ ሲቀጠር በተማሪ ቪዛ የመጣው ማመልከቻው እንኳ ላይታይለት ይችላል። ልዩነቱ በጉብዝና አይደለም። ስለዚህ ለዲቪው ልጅ የተሰጠ ምክር ለቪዛው ልጅ መርዝ ሊሆን ይችላል። መካሪው ከመምከሩ በፊት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ወረቀትህ ምንድን ነው?» የሚለው መሆን ነበረበት።

ወረቀቱ የሚወስነው ይህን ብቻ አይደለም። በኤፍ-1 ቪዛ የተማረ ሰው ሲመረቅ ኦፒቲ በሚባለው ፈቃድ 12 ወር መሥራት ይችላል። ትምህርቱ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስና ወይም በሒሳብ መደብ የተመዘገበ ከሆነ በ2016 በወጣው ደንብ መሠረት 24 ወር ሊጨመርለት ይችላል፤ በድምሩ 36 ወር ማለት ነው። ሥራው ከተማረው ዘርፍ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ መሆን አለበት። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ያለ ሥራ መቀመጥ አይፈቀድም። ዘጠና ቀን ደግሞ ከገና እስከ ፋሲካ እንኳ አያደርስም። ስለዚህ ዘርፉ ሲመረጥ «ደመወዙ ስንት ነው?» ከማለት በፊት «ሥራው በምን ያህል ጊዜ ይገኛል?» ማለት ያስፈልጋል።

ከኦፒቲ በኋላ ያለው ኤች-1ቢ ነው። በዓመት 65,000፣ በአሜሪካ ማስተርስ ላላቸው ደግሞ 20,000 ተጨማሪ ቦታ ሲኖር፣ አመልካቹ ከዚያ በብዙ ስለሚበልጥ ነገሩ የዕጣ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በፕሬዚዳንቱ አዋጅ በአዳዲስ ማመልከቻዎች ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ ተጥሏል፤ በማግሥቱ ወር የወጣው ማብራሪያ እዚሁ አገር ውስጥ ሆነው ቪዛቸውን የሚለውጡትን ከክፍያው ቢያወጣም፣ ብዙ ቀጣሪ ደንግጧል። ከዚያ በፊት በኦገስት 2025 የተማሪውን ቆይታ በዓመት የሚገድብና በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ያለ ተማሪ ዘርፉን እንዳይለውጥ የሚያደርግ ረቂቅ ደንብ ቀርቧል። የሕጉ ነፋስ ወዴት እንደሚነፍስ ከዚህ ይታያል። «ግባና ካልተመቸህ ትቀይራለህ» የሚለው የድሮ ምክር ዛሬ አደገኛ ነው።

ዕጣ የማይነካው አንድ በርም አለ፤ ስለ እሱ ግን በገበታ ላይ ሲወራ አይሰማም። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከእነሱ ጋር የተቆራኙ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችና የምርምር ተቋማት ለሚቀጥሩት ሰው ኤች-1ቢ ሲጠይቁ ከዓመታዊው ቁጥር ውጭ ናቸው። ይህን በር የሚያንኳኳው ምርምር የሠራ፣ ቴሲስ የጻፈ፣ ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር ስሙ የተያያዘ ተማሪ ነው። ስለዚህ ከዘርፉ ስም እኩል የሚመዝነው ማስተርሱ በቴሲስ ነው ወይስ በኮርስ ብቻ የሚለው ጥያቄ ነው። በኮርስ ብቻ የሚያልቀው ፈጠን ይላል፤ የሚከፍለው ግን ባብዛኛው ተማሪው ራሱ ነው። ቴሲስ ያለው ይረዝማል፤ ነገር ግን የምርምር ረዳትነት ቦታ ከተገኘ የትምህርት ክፍያውን ሊሸፍንና ወርኃዊ አበል ሊያስገኝ ይችላል። ደመወዙ ሁለት እጥፍ ይሆናል ተብሎ ከሚወራለት ዘርፍ ይልቅ ክፍያውን የሚችል ፕሮፌሰር ያለበት ዘርፍ ለድሃ ልጅ ይሻላል።

አንዳንዱ ደግሞ «ከአክስቱ ጋር አንድ ዓመት ከተቀመጠ እንደ ኮሎራዶ ነዋሪ ይከፍላል» ብሎ ያጽናናል። ይህ ለግሪን ካርድ ባለቤት ይሠራል፤ በኤፍ-1 ላለው በመደበኛው አይሠራም። ቶርንተን አሥር ዓመት ቢኖር የውጭ ተማሪ ሆኖ ነው የሚከፍለው። አክስቲቱ የሚያድኑለት የቤት ኪራይንና የምግብን ነው። እሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ከትምህርት ቤቱ ርቀት ጋር መታሰብ አለበት። በሴፕቴምበር 2020 የተከፈተው ኤን ላይን ባቡር ከቶርንተን ወደ ዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ያደርሳል፤ ከዚያ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የዴንቨር ቅርንጫፍ ያለበት የኦራሪያ ካምፓስ ቅርብ ነው። ወደ ቦልደር አውቶቡስ አለ። ወደ ጎልደን በደብልዩ ላይን ሄዶ ሌላ መሳፈር ይጠይቃል። ፎርት ኮሊንስ ግን መኪና ለሌለው ሰው በየቀኑ የሚመላለሱበት አይደለም። በየቀኑ አራት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያሳልፍ ተማሪ ላብራቶሪ ውስጥ የሚያመሽበት ጊዜ የለውም።

አሁን ወደ ዘርፎቹ እንመለስ ቢባል፣ ከሁሉ የሚያስገርመው የሐበሻ ገበታ «ዋጋ የለውም» ብሎ የጣለው ሲቪል ምህንድስና በዚሁ አካባቢ ያለው ቦታ ነው። ቶርንተንን ራሷን መመልከት ይበቃል። ይህች ከተማ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሕዝቧ እንደሚበዛ አስባ በስተሰሜን በላሪመርና በዌልድ ካውንቲዎች የእርሻ መሬት ከነውሃ መብቱ ገዛች። ውሃውን ግን ወደ ቤቷ ለማምጣት 70 ማይል ያህል ቧንቧ መዘርጋት ነበረባት። የላሪመር ካውንቲ ኮሚሽነሮች በ2019 አይሆንም አሉ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፈቃዱ የተገኘው ከተማዋ እንደገና አመልክታ በ2024 ነው። ውሃውን ከገዛች ወደ አርባ ዓመት ሊሞላት ሲል ማለት ነው። የላይኛው ተፋሰስ ሰው «ወንዛችንን አታድርቁት» ይላል፤ የታችኛው «የገዛሁት ውሃ ነው» ይላል። ይህን ክርክር ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በእናቱ ጡት የጠባው ነው። ወጣቱ ጠዋት በአክስቱ ማድቤት ቧንቧውን ሲከፍት የሚወርደው ውሃ የስንት መሐንዲስ፣ የስንት ጂኦሎጂስትና የስንት ጠበቃ ሥራ እንደሆነ የሚነግረው ግን አላገኘም።

ታሪኩ ከቶርንተንም ያልፋል። የአሜሪካ መንግሥት ግድብ ሠሪ መሥሪያ ቤት የሆነው ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን የምህንድስና ማዕከሉ ዛሬም ከዴንቨር አጠገብ ሌክዉድ ነው። የሁቨር ግድብ ንድፍ የተሠራው በዚህ መሥሪያ ቤት የዴንቨር ጽሕፈት ቤት ነበር። ከ1958 እስከ 1964 ድረስ የዓባይን ተፋሰስ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ ያጠናውም ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ቦርደር የተባሉ አራት የግድብ ቦታዎችን ለይቶ ነበር። ቦርደር የተባለው ቦታ ዛሬ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ካለበት ሥፍራ አጠገብ ነው፤ የያኔው ሐሳብ ግን በቁመትም ሆነ በኃይል ከዛሬው በብዙ ያነሰ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከጥናቱ እስከ ምረቃው ከስልሳ ዓመት በላይ አልፏል። ያ ጥናት በተጻፈበት ከተማ አጠገብ ተቀምጦ «ውሃ ምህንድስና ምን ያደርጋል?» የሚል ኢትዮጵያዊ መኖሩ የሚያሳዝን ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቹም ቢሆኑ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ፎርት ኮሊንስ ያለው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በውሃና በመስኖ ምህንድስና የቆየ ስም አለው። በ1874 የተመሠረተው ጎልደን ያለው ኮሎራዶ ስኩል ኦፍ ማይንስ በማዕድን፣ በጂኦሎጂና በከርሰ ምድር ሥራ በዓለም የታወቀ ነው። በኤሌክትሪክ የተመረቀ ልጅ ደግሞ የኃይል ሥርዓትን ቢያጠና ከአገሩ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። ግድቡ ቢያመነጭም ኃይሉን እስከ ገጠሩ ጎጆ የሚያደርሰው መስመርና ማከፋፈያ ገና ብዙ ይቀረዋል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ የተዘረጋው 1,000 ኪሎ ሜትር ያለፈው የቀጥታ ጅረት መስመር በ2022 ሥራ ጀምሯል። በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እነዚህ ሁሉ መሐንዲስ የሚጠይቁ ናቸው። አሜሪካም በበኩሏ ያረጀ የኤሌክትሪክ መረቧን፣ ድልድይዋንና የውሃ ቧንቧዋን የሚያድስ ሰው ትፈልጋለች።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳይሸፍኑ መናገር ይገባል። ሲቪልና ውሃ ያለ እንከን አይደሉም። የፌዴራል መንግሥት ሥራ በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል፤ ስለዚህ በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ የዓባይን ጥናት የሠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ እቀጠራለሁ ብሎ መቁጠር የለበትም። ተስፋው ለከተሞችና ለውሃ ድርጅቶች የሚሠሩት አማካሪ ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። መነሻ ደመወዙም ከሶፍትዌሩ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ፒ.ኢ. የሚባለው የሙያ ፈቃድ አለ። ፈቃዱ መጀመሪያ ኤፍ.ኢ. የተባለውን ፈተና፣ ቀጥሎ የዓመታት ልምድ፣ ከዚያም ሁለተኛውን ፈተና ይጠይቃል። ከአገር ቤት የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪ በአገሪቱ የመሐንዲሶች ፈተና ምክር ቤት እንዲመዘን ይጠየቃል፤ አሜሪካ የተገኘ ማስተርስ ብቻውን የጎደለውን ኮርስ ሁልጊዜ አይሸፍንም። ስለዚህ ከአምስት ኪሎ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአርባ ምንጭ የሚነሳ ልጅ የኮርሶቹን ዝርዝርና ይዘት የሚያሳይ የታተመ ወረቀት ይዞ ቢመጣ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

«ታዲያ አባቱ ብድር አለበት፤ ቶሎ ገንዘብ ማግኘት አለበት እኮ!» የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ለልጁ ሒሳብ የሚቀለው፣ ፕሮግራም መጻፍ የሚወደውና ከዚህ በፊት የሠራበት ከሆነ ኮምፒውተር ቢማር ማንም ሊከለክለው አይገባም። ነገር ግን ቶሎ ገንዘብ የሚገኘው ብዙ ደመወዝ ከሚወራለት ዘርፍ ሳይሆን ተማሪው ቶሎ ከሚቀጠርበት ዘርፍ ነው። አምስት ዓመት የተማረውንና ሁለት ዓመት የሠራበትን ሙያ ጥሎ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ፕሮግራም ሲጽፍ ከኖረ የአገሩ ልጅ ጋር ነው የሚወዳደረው። በሙያው ላይ ሙያ የጨመረ ግን ልምዱን ይዞ ይቀርባል። ኮምፒውተሩንም ቢሆን ሙያውን ሳይለቅ መማር ይችላል፤ ጎርፍ የሚተነብይ ወይም የኤሌክትሪክ ጭነት የሚያሰላ ፕሮግራም የሚጽፍ መሐንዲስ ሁለቱንም ያገኛል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ተማሪው ምን ያድርግ ቢባል፣ መልሱ ረጅም አይደለም። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አራት ጥያቄዎችን በወረቀት ጽፎ ቢመልስ ከብዙ ጸጸት ይድናል። አንደኛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪው ሳይባክን የሚቀጥለው ዘርፍ የትኛው ነው? ሁለተኛ፣ በያዘው ቪዛ በዚያ ዘርፍ ሥራ ሊቀጠር ይችላል ወይ? ለዚህ በዴንቨር አካባቢ የወጡ ሃያ የሥራ ማስታወቂያዎችን አንብቦ «ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ» የሚሉትን ቢቆጥር መልሱን በአንድ ምሽት ያገኘዋል። ሦስተኛ፣ ማን ይከፍላል? ለዚህ ደግሞ የፕሮፌሰሮቹን ሥራ አንብቦ፣ ስለ ሥራቸው የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ መጻፍና ቀጠሮ መጠየቅ ነው። አራተኛ፣ ቪዛው ባይታደስና ወደ አገሩ ቢመለስ ይህ ዲግሪ እዚያ እንጀራ ይሆነዋል ወይ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙዎች እንደ ሟርት ይሸሹታል፤ ነገር ግን መመለስን ሳያስቡ የሚመጣ ሰው ሲመለስ ባዶ እጁን ነው። ስለ ደንቡ ያለውን ሁሉ ደግሞ ከወሬ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ ይሻላል፤ እዚያ ያሉት ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈላቸው ለዚህ ነው።

ወላጅና ዘመድም ድርሻ አላቸው። ልጁ ዘርፉን ለመምረጥ ጥቂት ሳምንት ቢጠይቅ ሰነፈ አይባል። ቴሲስ ልጻፍ ቢል ትምህርቱን አራዘመ ተብሎ አይወቀስ። በዴንቨርና በአውሮራ ብዙ ልምድ ያላቸው ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች አሉ፤ መንገድ የሚሠሩ፣ ሕንፃ የሚቆጣጠሩ፣ የኤሌክትሪክ ጣቢያ የሚነድፉ። በሠርግና በለቅሶ ይገናኛሉ እንጂ ለአዲስ መጪ ተማሪ ተብሎ አንድ ላይ ሲቀመጡ አይታዩም። ኮሙኒቲውም ሆነ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ በየዓመቱ ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ከፍተው እነዚህን ባለሙያዎች ከተማሪዎቹ ጋር ቢያገናኙ ወጪው የአንድ ጀበና ቡና ነው። ጥቅሙ ግን የአንድ ቤተሰብን መሬት ከመሸጥ ሊያድን ይችላል።

አጎቶችም ምክራቸውን አይተዉ። ምክራቸውን በጥያቄ ይጀምሩት እንጂ። ወጣቱም «እሺ ጋሼ» ካለ በኋላ «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ?» ቢል ባለጌ አይባልም። ያን ጊዜ አክስቲቱም ሰሚ ያገኛሉ።

አበው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲሉ ያዘኑት ወንዙ ከቤታቸው ወጥቶ ስለሚሄድ ነበር። ወንዙ ዛሬ ግድብ አግኝቷል። የቀረው ልጁ ነው። የውሃ ጥናት ከሚነበብባት፣ ማዕድን ከሚመረመርባት፣ ሮኬት ከሚወነጨፍላት ኮሎራዶ ደርሶ፣ የራሱን ጥያቄ ሳይጠይቅ በሰው ወሬ ተምሮ ቢመለስ፣ ተረቱ በእሱ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ይፈጸማል።